በምድር ወገብ ከተማ የዋልሁት አንድ ቀን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ በዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ንግግር ያልለመደ ሰው ነገሩን ያስረዝማልና እንዳላሰለቻችሁ እፈራለሁ። የጂኦግራፊ መምህራችን ግን «ያየኸውን ተናገር፤ ያነበብኸውንም ተናገር፤ ሁለቱን ግን አታደባልቅ» ብለው ስላዘዙኝ፣ በዐይኔ ያየሁትንና ከተመለስሁ በኋላ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን እየለየሁ አቀርብላችኋለሁ። የምናገረውም ኪቶ ስለምትባለው ስለ ኤኳዶር ዋና ከተማ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ ነው ካላልሁ በቀር፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም ካለፈው ክረምት በፊት ኪቶን ናፍቄ አላውቅም ነበር። ደቡብ አሜሪካን በካርታ ስንማር ብራዚልንና አርጀንቲናን ቶሎ እናገኛለን፤ ኤኳዶር ግን በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር፣ በኮሎምቢያና በፔሩ መካከል የተቀመጠች ትንሽ አገር ስለ ሆነች ጣታችን አልፏት ይሄዳል።

ወደዚያ ያደረሱኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አጎቴ አባታቸው በኦጋዴን ጦርነት ስለ ሞቱባቸው በ1971 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ በሺህ ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተልከው፣ የወጣቶች ደሴት በምትባል ስፍራ ያደጉ ናቸው። በዚያም የእርሻን ትምህርትና የስፔንን ቋንቋ ተማሩ። ዛሬ በአንድ የጽጌረዳ እርሻ ይሠራሉ። ኤኳዶርም እንደ አገራችን ጽጌረዳ ወደ ውጭ አገር የምትሸጥ ናት፤ ሁለቱም አገሮች ለምድር ወገብ የቀረቡ ደጋማ አገሮች ስለ ሆኑ ብርሃናቸው ብዙ፣ ሌሊታቸውም ቀዝቃዛ ነው፤ ይህም ለአበባው ይስማማዋል። አጎቴ ከኪቶ በስተ ሰሜን ካያምቤ በምትባል ቦታ ያለውን የአበባ እርሻ አይተው እንዲመለሱ ለሁለት ሳምንት ሲላኩ፣ ልጅ ስለሌላቸውና የ11ኛ ክፍልን ትምህርት በመልካም ውጤት ስለ ፈጸምሁ፣ የአውሮፕላኑን ዋጋ ከቁጠባቸው ከፍለው ይዘውኝ ሄዱ።

ሁለቱን ሳምንት የዋልነው በአበባው መካከል ነበር። ለከተማው የተረፈን አንድ ቀን ብቻ፣ ይኸውም የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ማታ ኪቶ ገብተን በከተማው ሰሜናዊ ክፍል በምትገኝ ትንሽ ሆቴል አደርን።

ጧት ስነሣ በመጀመሪያ ያየሁት ፀሐይዋን ነው። ኪቶ ከምድር ወገብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወደ ደቡብ ያለች ከተማ በመሆንዋ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ፀሐይ ዘወትር በእኛ አቆጣጠር ወደ 12 ሰዓት ትወጣለች፤ ወደ 12 ሰዓት ትጠልቃለች። አጎቴም እየሳቁ «የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ፈረንጆች ይስቁበታል፤ እዚህ ግን ከፀሐይዋ ጋር ልክ የሚሄደው የእኛው ነው» አሉኝ። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት አልፎ ነበርና እናቴን በስልክ ሳናግራት ዝናብ እየዘነበ መሆኑን ነገረችኝ። በኪቶ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ የበጋ ወራት ስለ ሆኑ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም ብርቱ ነበር።

የኪቶ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ናት። በሆቴሉ ያገኘናቸው ከዝቅተኛ አገር የመጡ እንግዶች ትንፋሽ አጠረን ሲሉ እኔ የደጋ ልጅ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ነገር ግን በቀትር ጊዜ አንዱን አቀበት በሩጫ ለመውጣት ሞክሬ ግማሹን ሳልደርስ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። ጓደኞቼ፣ 450 ሜትር በካርታ ላይ ትንሽ ነው፤ በሳንባ ላይ ግን ትንሽ አይደለም።

ከሆቴሉ ወጥተን ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ተሳፈርን። ይህ ባቡር በታኅሣሥ ወር 2023 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን 22 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 15 ጣቢያዎች አሉት። ሒሳብ የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነው፤ ኤኳዶር ሱክሬ የሚባለው የራስዋ ገንዘብ ስለ ወደቀባት በ2000 ዓመት ዶላርን መገበያያ አድርጋለች። ከባቡሩ ወርደን ደረጃውን ስንወጣ ድንገት በሰፊ አደባባይ መካከል ራሴን አገኘሁ። ፊት ለፊታችን ነጭ ግድግዳና ሁለት ደወል ቤት ያለው ትልቅ ገዳም ቆሟል። ከጀርባው ደግሞ ፒቺንቻ የሚባለው ተራራ ተንጣሏል። ፒቺንቻ ከ4,700 ሜትር በላይ የሚወጣ እሳተ ገሞራ ነው፤ በ1999 ዓመት ፈንድቶ ከተማውን በአመድ አልብሶት እንደ ነበረ አንብቤአለሁ። እኔ ግን በመጀመሪያ የገረመኝ የተራራው ቁመት አልነበረም። በተራራው ወገብ ላይ የሚታየው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነበረ! እንጦጦን ያየሁ መሰለኝ። ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን በኤኳዶር የተተከለው በ19ኛው መቶ ዓመት በፕሬዚዳንት ጋርሲያ ሞሬኖ ዘመን፣ በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አንድ እንግዳ ዛፍ ሁለት ሩቅ ከተማዎችን አመሳሰላቸው።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለምን ቅርስ መመዝገብ በጀመረበት በ1978 ዓመት መጀመሪያ የተመዘገቡት ቦታዎች 12 ብቻ ነበሩ። ከነዚያ ከ12ቱ ውስጥ የእኛ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ፓርክ ይገኛሉ፤ የኪቶ አሮጌው ከተማም ይገኛል። እንግዲህ ላሊበላና ኪቶ በአንድ ዓመት በአንድ መዝገብ የተጻፉ እኩያዎች ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ገዳሙ እንግባ። ኪቶ ቀድሞ የኢንካ ነገሥታት ከተማ ነበረች። ስፔናውያን ሲመጡ ሩሚኛዊ የተባለው የኢንካ የጦር አለቃ ከተማይቱ በእጃቸው እንዳትገባ አቃጠላት። ሰባስቲያን ደ ቤናልካሳር የተባለው የስፔን መኮንንም በታኅሣሥ 6 ቀን 1534 በፍርስራሹ ላይ አዲሲቱን ከተማ መሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ጆዶኮ ሪኬ የሚባሉ ከፍላንደርስ አገር የመጡ የፍራንሲስካን መነኩሴ የቅዱስ ፍራንሲስን ገዳም ማሠራት ጀመሩ። በኪቶ የመጀመሪያውን ስንዴ የዘሩ እርሳቸው ናቸው ይባላል። መነኮሳቱም በገዳሙ አጠገብ ለአገሬው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ንባብን፣ ዜማን፣ ሥዕልንና እንጨት መቅረጽን አስተማሩ። ከዚያ ትምህርት የኪቶ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚባለው ዝነኛ የጥበብ ዘር በቀለ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች በመሆናችን ይህ ታሪክ ለልቤ ቀረበ።

ነገር ግን ታሪኩን ሁሉ ልንገራችሁ ብዬአለሁና አንዱን ወገን ብቻ ይዤ አልቀርም። እነዚያን ትልልቅ ቤተ ክርስቲያኖች ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት በጦር የተሸነፉት የአገሩ ሰዎች ናቸው። የአብዛኞቹ ስም አልተጻፈም። ስማቸው ከቀረላቸው ጥቂቶች አንዱ በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረው ማኑኤል ቺሊ፣ በቅጽል ስሙ ካስፒካራ፣ የተባለው የአገሬው ተወላጅ ቅርጽ አውጪ ነው።

የገዳሙ ሕዝብ የሚተርከው አንድ ተረትም አለ። ካንቱኛ የሚባል አገሬ ሰው የገዳሙን ደጅ አንጥፎ በቀጠሮው ቀን እንዲጨርስ ተዋውሎ ኖሮ ቀኑ ሲደርስ ሥራው አላለቀለትም። በጭንቀት ሳለ ዲያብሎስ መጥቶ «ሥራውን ጎሕ ሳይቀድ ልጨርስልህ፤ አንተም ነፍስህን ስጠኝ» አለው። ካንቱኛም «አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይጎድል ከሆነ እሺ» አለ። ሌሊቱን ሙሉ አጋንንት ሲሠሩ አደሩ። ጎሕ ሲቀድ ግን አንድ ድንጋይ ጎድሎ ተገኘ፤ የካንቱኛም ነፍስ ዳነች። አጎቴ ይህን ሲተርኩልኝ እኔ ዐይኔን ወደ መሬት ጥዬ የጎደለውን ድንጋይ እፈልግ ነበር። እርሳቸውም «አትድከም፤ የጎደለውን ድንጋይ ያገኘ የለም። እኔ ግን ተረቱን ያወጣው ድንጋይ ጠራቢ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ» አሉኝ። ለምን ብላቸው «እንዲህ ያለውን ሥራ የአገሬው ሰው በእጁ ሠራው ብለው ማመን አቅቷቸው ለሰይጣን ሲሰጡት፣ አንዲት ድንጋይ አስቀረባቸው» ብለው መለሱልኝ። ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ ከአሳቤ አልጠፋም።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ተራምደን የጄዙዊት ማኅበር ወደ ሠራው ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ሥራው በ1605 ተጀምሮ በ1765 ተፈጸመ፤ 160 ዓመት መሆኑ ነው። የፊቱ ግድግዳ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ዐይኔን ጨፈንሁ። ከምሰሶው እስከ ጣራው ድረስ ሁሉም በወርቅ ቅጠል የተለበጠ ነው። በአንድ ጎን በመስኮት የገባው ብርሃን በወርቁ ላይ ሲያርፍ ቤቱ በውስጡ የሚነድ እሳት ያለው ይመስላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ቤቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1767፣ የስፔን ንጉሥ የጄዙዊትን ማኅበር ከግዛቱ ሁሉ አባረረ። 160 ዓመት የሠሩትን ሁለት ዓመት ብቻ ተቀመጡበት።

ከወርቁ ቤት ወጥተን ወደ ትልቁ አደባባይ ሄድን። በዙሪያው ካቴድራሉ፣ የሊቀ ጳጳሱ ቤት፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤትና የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት አሉ። በመካከሉ ነሐሴ 10 ቀን 1809 ኪቶ የነጻነትን ድምፅ ያሰማችበትን ቀን የሚያስታውስ ሐውልት ቆሟል። ነጻነቱ ግን ወዲያው አልተገኘም፤ የተገኘው ግንቦት 24 ቀን 1822 ጀኔራል ሱክሬ በዚያው በፒቺንቻ ተራራ ጎን ላይ ድል ባደረጉ ጊዜ ነው። በዚያ ጦርነት አብዶን ካልዴሮን የሚባል የ17 ዓመት መኮንን ደጋግሞ ቆስሎ ከጦሩ አልለይም ብሎ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። የኤኳዶር ተማሪዎች ሁሉ ስሙን ያውቃሉ። እኔ ከእርሱ በአንድ ዓመት እበልጣለሁ ብዬ አሰብሁ፤ ምን ሠራሁ ብዬም ራሴን ጠየቅሁ።

ጓደኞቼ፣ የቀኑ ትልቅ ነገር በዚህ አደባባይ ደረሰብኝ። ይህን ለመናገር ብዙ ቀን ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ።

በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለን በዕድሜ የገፉ አንድ ሽማግሌ የእንጨት ሳጥን ይዘው ወደ እኛ ቀረቡ። ሥራቸው ጫማ መጥረግ ነበር። አጎቴን ሰላም ብለው ወደ እኔ ጫማ አመለከቱ፤ ጫማዬ ከእርሻው ባመጣው አቧራ ነጭ ሆኗል። አጎቴም «እሺ» አሏቸው። ሽማግሌው ከፊቴ ዝቅ ብለው በትንሽ ዱካ ላይ ሲቀመጡ እኔ ደንግጬ ብድግ አልሁ። «ጋሼ፣ አያቴን የሚያህሉ ሰው ከእግሬ ሥር ተቀምጠው ጫማዬን አያጠርጉም፤ ነውር ነው» አልሁ። አጎቴ ግን በዝግታ «ሰውዬው የመጡት ለሥራ እንጂ ለልመና አይደለም። አክብሮት ነው ብለህ እንጀራቸውን አትከልክላቸው። ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥሁ።

ሽማግሌው አስቀድመው አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራገፉ። ቀለሙን በጣታቸው ላይ በጠቀለሉት ጨርቅ እየነኩ፣ ካልሲዬን ሳያስነኩ፣ በስፌቱ ዙሪያ አዞሩት። ከዚያ በሁለት ብሩሽ እያፈራረቁ ወለወሉት። የቀኙ ሲያልቅ በብሩሹ እጀታ ሳጥኑን ኳ አደረጉት። እኔም ማንም ሳይነግረኝ እግሬን ለወጥሁ። አጎቴ «ምልክቱን እንዴት አወቅኸው?» አሉኝ። ሳይታወቀኝ እንባዬ መጣ።

ጓደኞቼ፣ ያን ምልክት የማውቀው እኔም ሊስትሮ ስለ ነበርሁ ነው። ከ5ኛ ክፍል እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ፣ ትምህርት ሲዘጋና ከትምህርት በኋላ፣ ሳጥን ይዤ ጫማ እጠርግ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ እንጀራ እየጋገረች ስትሸጥ የእኔ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው በዚያ ሳጥን ነበር። በነጻ ትምህርት ወደዚህ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አባቴ ነጋዴ ነበር ብዬ ተናገርሁ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን ውሸት ከአፌ ሰምታችኋል። ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ።

ከዚህ የባሰም አለ። ከእኔ ጋር አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ዝናብ ሲመጣ በአንድ ላስቲክ ሥር እንጠለል ነበር፤ የቀለም ዋጋ ሲያጥረኝ የሚያበድረኝ እርሱ ነው። 9ኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በዚያ መንገድ ስናልፍ እርሱ ከሩቅ አይቶኝ በደስታ ስሜን ጠራ። ከጓደኞቼ አንዱ «ታውቀዋለህ እንዴ?» አለኝ። እኔም «አላውቀውም» አልሁ። እርሱ ሰምቶኛል። ሳቁ በፊቱ ላይ ሲጠፋ አይቻለሁ። በማለዳ ጸሎት የጴጥሮስን ክህደት ሲያነቡልን አንገቴን የምደፋው ስለዚህ ነበር።

እንግዲህ በኪቶ አደባባይ በዚያ ወርቅ ካበዱ ዐይኖቼ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ስም የሌላቸውን ድንጋይ ጠራቢዎች አዘንሁላቸው፤ «ስማቸውን ያልጻፈው ማነው?» ብዬም ተቆጣሁ። የራሴን ጓደኛ ስም ግን የደመሰስሁት እኔው ነበርሁ። ሽማግሌው ሲጨርሱ ሁለቱን እጄን ዘርግቼ ሒሳባቸውን ሰጠሁ፤ አጎቴን አስተርጓሚ አድርጌ «እኔም ይህን ሥራ ሠርቼአለሁ» አልኋቸው። ሽማግሌው እጄን ይዘው መዳፌን ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ሣቅ ብለው አንድ ቃል ተናገሩ። አጎቴ ሲተረጉሙልኝ «ታዲያ ካልሲህን ሳላቆሽሽ መጨረሴን አይተሃል ማለት ነው» ብለዋል። ምስጋናቸውን የፈለጉት ከሚያውቅ ሰው ነበረ።

ከዚህ በኋላ ምሳችንን በገበያ ውስጥ በላን። የቀረበልን ሎክሮ የሚባል ከድንች የተሠራ ወፍራም ሾርባ ሲሆን አይብና አቮካዶ ይጨመርበታል። ድንች መጀመሪያ የበቀለው በነዚያው የአንዲስ ተራሮች ነው። ከሾርባው በፊት ግን በትንሽ ሳሕን የተቆላ በቆሎ አቀረቡልን፤ ለካ ቆሎ ነው! በጎረቤታችን ማዕድ ላይ ደግሞ የተቀቀለ በቆሎ ነበረ፤ እርሱም ንፍሮ ነው። ስሙን ቢለውጡትም እኔ ጣዕሙን አልሳትሁትም።

ከቀትር በኋላ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ተጉዘን የዓለም መካከል ወደሚባለው ቦታ ደረስን። በዚያ 30 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ሐውልት አለ፤ በጫፉ ላይ የምድር ምስል ተቀምጧል። ከሥሩ በመሬት ላይ ቢጫ መስመር ተሠምሯል፤ አንድ እግራችሁን በሰሜን፣ አንዱን በደቡብ የምድር ክፍል አድርጋችሁ መቆም ትችላላችሁ። የቦታው ታሪክ ይህ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የኤውሮጳ ሊቃውንት ስለ ምድር ቅርጽ ተከራክረው ነበር። ኒውተን ምድር በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች፣ በወገቧ የሰፋች ናት ሲል ሌሎቹ ተቃራኒውን አሉ። ስለዚህ ከፈረንሳይ አካዳሚ አንዱ ቡድን ወደ ሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ወደ ላፕላንድ፣ ሌላው ቡድን በእነ ጎዲን፣ ቡጌርና ላ ኮንዳሚን መሪነት ወደ ኪቶ ተላከ። የኪቶው ቡድን በ1736 ደርሶ በተራሮቹ ላይ በብርድና በነፋስ ለዓመታት ለካ። እርሱ ሳይጨርስ የላፕላንዱ ቡድን ተመልሶ ኒውተን እውነተኛ መሆኑን አስታወቀ። የኪቶዎቹ ግን መልሱ ታውቋል ብለው ሥራቸውን አልተዉም፤ እስከ መጨረሻው ለክተው አረጋገጡት።

ደግሞ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ከ1979 እስከ 1982 የተሠራው ይህ ሐውልት የቆመው በትክክለኛው መስመር ላይ አይደለም። ዛሬ በሳተላይት ሲለካ እውነተኛው የምድር ወገብ 240 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይገኛል። ስለዚህ ያን ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣነው ሁለቱንም እግራችንን በደቡብ ላይ አድርገን ነው። በአቅራቢያውም አንድ ሰው ውኃን ከሳፋ እያፈሰሰ፣ በመስመሩ በስተ ሰሜን በአንድ ወገን፣ በስተ ደቡብ በሌላ ወገን እንደሚሽከረከር ያሳያል። የፊዚክስ መምህራችን ፊት እንዳላፍር ነገሩን አጣርቻለሁ፤ የምድር መሽከርከር ትልልቁን የነፋስ ዐውሎ ያዞራል እንጂ በጥቂት እርምጃ ልዩነት የሳፋ ውኃ ለማዞር ኃይሉ እጅግ ያነሰ ነው። ውኃውን የሚያዞረው የሰውዬው አፈሳስ ነው። እውነተኛው ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ይደንቃል፤ በምድር ወገብ ላይ ያለ ሰው ክብደቱ በዋልታ ከሚኖረው ክብደት በ200 አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በታክሲ ፓኔሲዮ ወደሚባለው ኮረብታ ወጣን። የስሙ ትርጉም ትንሽ ዳቦ ማለት ነው፤ መልኩም እንደዚያው ነው። በጫፉ ላይ ከ7,000 የአሉሚኒየም ቁራጭ የተገጣጠመ፣ ከነመቆሚያው ከ40 ሜትር በላይ የሚሆን የእመቤታችን ሐውልት አለ። ክንፍ አላት፤ እባቡንም ረግጣ በሰንሰለት ይዛዋለች። በዮሐንስ ራእይ በ12ኛው ምዕራፍ የተጻፈችው ሴት መሆንዋን ወዲያው ዐወቅሁ። ይህ በ1970ዎቹ የቆመ ሐውልት የተቀዳው በርናርዶ ደ ሌጋርዳ የተባለው የኪቶ ሠዓሊ በ1734 ከእንጨት ከቀረጻት ትንሽ ምስል ነው፤ እርስዋም በጧት ባየነው በፍራንሲስካን ገዳም መንበር ላይ ትገኛለች። አንድ ሰው በእጁ ቀርጾ የተወው ትንሽ ነገር ከ200 ዓመት በኋላ የከተማይቱ ሁሉ ምልክት ሆነ።

ከኮረብታው ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ በሁለት ተራራ መካከል እንደ ረጅም መቀነት ተዘርግታ መብራትዋን አንድ በአንድ ታበራ ነበር። አጎቴ ዝም ብለው ቆይተው «እኔ ልጅ ሆኜ ኩባ ስደርስ የማን ልጅ ነህ ብለው ሲጠይቁኝ የሞተ ወታደር ልጅ ነኝ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ግን ባልናገረው ኖሮ አባቴን ሁለተኛ እገድለው ነበር እላለሁ» አሉ። ስለ እኔ ምንም አልጠየቁኝም። እኔ ግን ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው።

አገሬ ከተመለስሁ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ቀድሞው ቦታችን ሄድሁ። መንገዱ በአዲስ መልክ ተሠርቶ ስፍራው ተለውጧል፤ ከቀድሞዎቹ ልጆች አንድም አላገኘሁም። ሱቅ ጠባቂው «ያ ልጅ ወደ ክፍለ አገር ሄደ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

እንግዲህ ንግግሬን ልፈጽም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። ይህን በታሪክ ፈተና ላይ በትክክል መልሼ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ ትርጉሙን ግን የተማርሁት ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ከተለየኋቸው ከአንድ የኪቶ ሽማግሌ ነው። ይህ አሁን ይቈጨኛል። በመጪው ዓመት ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደየመንገዳችን እንሄዳለን። ከመካከላችን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር የሚሆን ይኖራል። የትም ብንደርስ ድንጋዩን የተሸከሙልንን ሰዎች አላውቃቸውም አንበል።

ይህ ንግግር በበዓሉ መጽሔት ይታተማል ተብሏል። መጽሔትም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራልና ምናልባት አንድ ቀን በእርሱ እጅ ይገባ ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፣ በዚያ ቀን ስሜን ጠርተህ አላውቀውም ያልሁህ እኔ ነኝ። አውቅሃለሁ። ያበደርኸኝም የሁለት ቆርቆሮ ቀለም ዋጋ እስከ ዛሬ አለብኝ።